የርቀት ትምህርቴን ክፍያ እንዴት ተወጣሁት

ዲግሪዬን በርቀት ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። ከስድስቱ ሁለቱን ዓመት የበላብኝ የክፍያ ጉዳይ ነው። መንግሥት የቱን እንደሚሸፍን፣ የቱን እንደማይሸፍን፣ የከፈልኩት መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ ምንም ሳላውቅ ነው ዘልዬ የተመዘገብኩት። ልትመዘገቡ እያሰባችሁ ከሆነ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አራት ኮርስ ባንዴ ወሰድኩ። ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ልጄን አስተኛለሁ፣ ከዚያ ሞጁል እገልጣለሁ። ሁለተኛው ወር ላይ አሳይንመንቱ ተደራረበና ሁለቱን ኮርስ ለመተው ወሰንኩ። ለሬጅስትራር ኢሜይል ላክሁ። የመጣው መልስ ሦስት መስመር ነው። ኮርሶቹ ተሰርዘዋል፣ ክፍያው ግን አይመለስም፣ ምክንያቱም የመሰረዣው ቀን ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ዘጠኝ ቀን! ፎርሙን አውጥቼ ሳየው ቀኑ በግልጽ ተጽፏል፣ ፊርማዬም ከሥሩ አለ። ወር ሙሉ የሠራሁበት ገንዘብ ነበር፣ በጣም ነው የተቃጠልኩት።

በኋላ ግን ያ ቀን ምን እንደሆነ ገባኝ። ነገሩ የተቋሙ ክፋት ብቻ አይደለም። መንግሥት ተማሪ የሚቆጥርበት ቀን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለምሳሌ ሴንሰስ ዴት ይሉታል። ከትምህርቱ ጊዜ ቢያንስ 20 በመቶው ሳያልፍ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ቀን በፊት የወጣ ተማሪ ዕዳ የለበትም፣ ቀኑ ካለፈ ግን ኮርሱን ቢጨርስም ባይጨርስም ዕዳው በስሙ ይመዘገባል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ያን ቀን ስልኬ ላይ መመዝገብ ነው፤ ማስታወሻው ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲጮህ አድርጌ። ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

ቀጥሎ የመጣው የብድሩ ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ሁለት ኮርስ ብቻ ያዝኩና ለመንግሥት የትምህርት ብድር አመለከትኩ። ተከለከልኩ። ገቢዬ በዝቶባቸው ነው ብዬ የደሞዝ ማስረጃ ይዤ ልከራከር ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ታግሶ ሰማኝና፣ «እህቴ፣ ደሞዝሽን ማንም አላየውም። የያዝሽው ሁለት ኮርስ ነው፣ ብድሩ የሚሰጠው ከሦስት ጀምሮ ነው» አለኝ። አንድ ኮርስ ብጨምር ኖሮ ሦስቱም ይሸፈኑልኝ ነበር ማለት ነው።

ይሄኔ ነው መቆፈር የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር ደግሞ አናዶኛል፣ ዛሬም ያናድደኛል። አብዛኛው የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ የተሰፋው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ፣ ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ወጣት ነው። ሠራተኛው፣ ወላጁ፣ በርቀት የሚማረው በኋላ የተደረበ ጥገኛ ነው የሚመስለው።

እንግሊዝን ተመልከቱ። በርቀት የሚያስተምረው የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ያለፈ ውጤት ሳይጠይቅ ነበር። ይህን ማድረግ የቻለው መንግሥት በቀጥታ በጀት ስለመደበለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን እንግሊዝ ውስጥ ለማስተማር የሚሰጠው ድጎማ በአብዛኛው ተነሳና ወጪው ወደ ተማሪው ዞረ። ለመደበኛ ተማሪ የክፍያው ጣሪያ በዓመት 9,000 ፓውንድ ገባ። ለትርፍ ጊዜ ተማሪም ብድር ተፈቀደ፣ ግን የሙሉ ጊዜውን ቢያንስ 25 በመቶ መማር ነበረበት። ከዚያ በኋላ የትርፍ ጊዜ ተማሪው ቁጥር በእጅጉ ነው ያሽቆለቆለው። እኔ አይደንቀኝም። ልጅ፣ የቤት ኪራይና ሥራ ያለው ሰው ብድር ሲባል ከአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ይልቅ ይፈራል። ደሞዙ ላይ የሚቆረጠው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያሰላል። ልክ ነው፣ ማስላትም አለበት።

አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ ከግማሽ በላይ ኮርሱን በርቀት የሚሰጥ ተቋም ተማሪዎቹ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ እንዳያገኙ ተደርጎ ነበር። መነሻው የተማሪ ድጋፍ እየሰበሰቡ ትምህርት የማይሰጡ፣ በፖስታ የሚያስተምሩ የተልዕኮ ትምህርት ቤቶች መብዛታቸው ነው። ለኦንላይን ትምህርት ገደቡ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ እውቅና አለው ወይ ብቻ ሳይሆን፣ የምትማሩት ፕሮግራም በርቀት ሲሰጥ ለድጋፍ ብቁ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ክፍያው ጨመረ። ሕንፃ የለ፣ ዶርም የለ፣ ምን አስጨመራችሁ ብዬ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በርቀት ትምህርት ትልቁ ወጪ የሚወጣው ተማሪ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሞጁል ይጻፋል፣ ይታረማል፣ ሲስተም ይገነባል። ይህ ወጪ ለመቶ ተማሪም ለአሥር ሺህም ያው ነው። ተማሪ ሲበዛ ለየሰው የሚደርሰው ያንሳል፣ ድጎማ ሲቀንስና ተማሪ ሲሸሽ ደግሞ የቀሩት ይሸከሙታል። አሳይንመንት የሚያርመው ቱተር ግን በተማሪ ቁጥር ልክ ነው የሚያስፈልገው፣ እዚያ ላይ ብዙ መቆጠብ አይቻልም። ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን እሱ ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ተማሪውን ትምህርቱ ላይ የሚያቆየው ሰው እሱ ነውና።

ያኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩላቸው፤ ጭማሪው ነባር ተማሪን ይመለከታል ወይ? መልሱ ቶሎ አልመጣም። በሁለተኛው ደብዳቤዬ ነባር ተማሪ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ለሁለት ዓመት በድሮው ሂሳብ እንደሚከፍል ነገሩኝ። ማንም አላስታወቀንም ነበር። አንድ ሴሚስተር ባርፍ ኖሮ ይህን አጣው ነበር፣ ለማረፍም ሐሳብ ነበረኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ቀላል ነው። በአንድ ደብተር ላይ የቀሩኝን ኮርሶች በሙሉ ጻፍኩ። በየኮርሱ ትይዩ ክፍያውን፣ ቀጥሎ ማን እንደሚከፍለው። ሥራ የሚቀልበትን ወቅት ለይቼ ሦስት ኮርስ ያዝኩና ብድር ወሰድኩ። ሥራ በሚበዛበት ጊዜ አንድ ብቻ፣ ከኪሴ። መሥሪያ ቤቴ ካለፍኩ በኋላ ግማሹን የሚመልስበት መመሪያ እንዳለው ያወቅሁት ስጠይቅ ነው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም። ድሮ ከወሰድኩት ዲፕሎማም አምስት ኮርስ ኤግዘምፕሽን አገኘሁ፣ እንደገና ሳልወስዳቸው ተያዙልኝ ማለት ነው። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ግማሽ ቀን ሄዶብኛል፣ ያዳነልኝ ግን የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነው። የድጋሚ ፈተና፣ የመመረቂያ፣ የሰነድ ክፍያ ደግሞ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ አይካተቱም። እኔ ከጠቅላላው አሥር በመቶ ጨምሬ ነበር የያዝኩት፣ ለጥቂት በቃኝ።

ባለፈው ወር ሌላ ዘርፍ ለመማር በዚያው ብድር አመለከትኩ። ዲግሪ ስላለሽ አይመለከትሽም ተባልኩ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2008 ያደረገችው ይሄንኑ የሚመስል ነው፤ በያዘው ዲግሪ ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ለሚማር ሰው ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን ድጎማ አነሳች፣ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በጣም ተጎዳ። ሥራው በየጊዜው እየተለወጠ፣ ሙያ መቀየር ግድ እየሆነ፣ ሰውን አንዴ ተምረሃል ይበቃሃል ማለት ትክክል አይደለም። ይግባኝ ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ላይ ያቺን ደብተር ኮፒ አድርጌ አያይዣለሁ፣ ከብድሩ ስንት እንደመለስኩም ጭምር።