በደሜ የተገኘው እርሳስና የአሥር ወር የቫይታሚን ማስታወሻዬ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አሮጌ ቤት እያደሳችሁ፣ ቀለም ስትፍቁ ለምትውሉ ነው። ባለፈው ጥር በደሜ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ቁጥሩ 34 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምውጠውን ክኒን፣ የምበላውንና የደም ምርመራ ውጤቴን በአንድ ትንሽ ደብተር ስጽፍ ቆይቻለሁ። አሁን አሥር ወር ሞላኝ። ብዙዎቻችሁ «ምን ቫይታሚን ነው የምትወስደው?» እያላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እርሳስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የምንጽፍበት ነው። የምንጽፍበት ግን ግራፋይት ነው፣ አይመርዝም። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ ነው። በመኪና ባትሪ ውስጥ አለ፤ ድሮ ደግሞ የቤት ቀለም ውስጥ ይጨመር ነበር። አሜሪካ ከቤት ቀለም ያገደችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የላይኛው ቀለም የትናንት ቢሆን እንኳ ከሥሩ ያለው ድርብርብ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ማሽን ሲነካው ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ደግሞ እጅ ላይ፣ ጢም ላይ፣ የቡና ኩባያ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

እኔን ያገኘኝ ባለ ሦስት ፎቅ የድሮ ቤት ውስጥ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ መስኮቶቹንና የደረጃውን መደገፊያ በማሽን ስፍቅ ሰነበትኩ። አሠሪው የሰጠን ተራውን የወረቀት ማስክ ነበር። ቀለሙ ይመርመር ያለም የለም። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ያን ጊዜ ጾሙና ብናኙ ይገናኛሉ ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። አሁን አውቃለሁ። በውሃ የሟሟ እርሳስ ለጤነኛ ሰዎች እየተሰጠ በተደረገ ጥናት፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ሰውነት የሚገባው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። በባዶ ሆድ ሲሆን ግን ከግማሽ በላይ ይገባል። ይህን ሳነብ ደብተሩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ምልክቶቹ የማንም ሰው ሕመም የሚመስሉ ነበሩ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ድርቀት አለብኝ፣ ራሴን ያመኛል፣ ማታ ቤት ስገባ በትንሹም በትልቁም እቆጣለሁ። «ጾም ነው፣ ብርድ ነው» እያልኩ አሳለፍኩት። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሁለተኛዋ ዶክተር ግን ከሁሉ በፊት «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወዲያው ከክንዴ ደም ተቀዳ። ጓደኞቼ፣ ሐኪም ካልጠየቃችሁ እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። «ቀለም እፍቃለሁ፣ የእርሳስ ምርመራ ይታዘዝልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ቁጥሩ የሚለካው በማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው። እዚህ አገር ከ3.5 ጀምሮ ከፍ ያለ ነው ይባላል። እኔ 34። ወዲያው «የሚያወጣውን መድኃኒት ስጡኝ» አልኩ። ብረት ከደም ይዞ በሽንት የሚያስወጣ ኪሌሽን የሚባል ሕክምና እንዳለ ሰምቼ ነበር። ዶክተሯ በእርጋታ አስረዱኝ። ሕክምናው እውነተኛ ነው፣ ሕይወትም ያድናል፤ ግን ቁጥራቸው በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ነው። ለሕፃናት እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከ45 ጀምሮ ነው። መድኃኒቱ እርሳሱን ብቻ መርጦ አይወስድም፤ እንደ ዚንክ ያሉ የሚያስፈልጉንንም ይዞ ይሄዳል። ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሕፃናትና አንዲት ሴት በዚህ ሕክምና ምክንያት ሞተዋል። የተሰጣቸው የመድኃኒቱ ዓይነት የደማቸውን ካልሲየም አወረደውና ልባቸው ቆመ። ስለዚህ ኪሌሽን በየስፓውና በየኢንተርኔቱ የሚገዛ ነገር አይደለም። ለእኔ የታዘዘልኝ ሌላ ነው፦ ከብናኙ መራቅ፣ በሥራ ቀን ቁርስ ሳይበሉ አለመውጣት፣ ካልሲየም ማሟላት፣ የብረት ማዕድን (አይረን) መጠኔን መመርመርና በየጊዜው ደም መስጠት።

እኔ ግን በዚያ አልረካሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ያልገዛሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ሲ፣ ዚንክ፣ መልቲቫይታሚን ሁሉ ገዛሁ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ከልቡ አዝኖልኝ «ብረቱን ጠርጎ ያወጣልሃል» ብሎ የሚጠጣ የሸክላ ዱቄት አመጣልኝ። ከመክፈቴ በፊት ለዶክተሯ ፎቶውን አሳየኋቸው። «አትንካው» አሉኝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር በ2016 እንዲህ ዓይነት የሸክላ ምርቶች ራሳቸው እርሳስ አለባቸው ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። አንዳንድ ባህላዊ የሕንድ መድኃኒቶችም እርሳስና ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል። ወዳጄ በፍቅር ያመጣው ነውና አላሳፈርኩትም። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት፣ እሱም ደግሞ የራሱን ጣለ።

አሁን ወደ ደብተሩ።

ጥር መጨረሻ፣ 34። ካልሲየም ጀመርኩ። ምክንያቱን ስረዳ ነው ልቤ ያረፈው። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም። አንጀት ውስጥ ሁለቱ በአንድ በር ይጋፋሉ፤ ካልሲየም በቂ ሲሆን የእርሳሱ መግቢያ ይጠባል። ሌላም አለ። የአዋቂ ሰው እርሳስ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው፣ እዚያም አሥርና ሃያ ዓመት ይቆያል። ካልሲየም ሲያጥረን ሰውነት ከአጥንት ይበደራል፤ ያን ጊዜ እርሳሱም አብሮ ወደ ደም ይወጣል። ለአዋቂ በቀን ወደ 1000 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ ምግቡም ተቆጥሮ ማለት ነው። እኔ 500ውን በክኒን፣ ሌላውን በምግብ አደረግሁት። ከ500 በላይ በአንዴ ቢዋጥ ሰውነት በደንብ አይወስደውም፤ ለዚህ ነው የሚከፋፈለው። ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ከምግብ ጋር፣ ሲትሬት የሚባለው ግን በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል። አንድ አደራ አለኝ፦ ከአጥንት ዱቄት ወይም ከባሕር ዛጎል የተሠራ ካልሲየም አትግዙ። በእነዚህ ውስጥ እርሳስ የተገኘበት ጊዜ አለ። ጠርሙሱ ላይ ዩኤስፒ የሚል የማረጋገጫ ምልክት ፈልጉ።

በዚያው ሳምንት ዚንክ 50 ሚሊግራም በባዶ ሆድ ዋጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማቅለሽለሽ ያዘኝና ሥራ ሳልገባ ተመለስኩ። ለካስ ለአዋቂ በቀን ከ40 ማለፍ የለበትም፤ ሲቆይ ደግሞ ሰውነትን መዳብ ያሳጣል። ጠርሙሱን ዘጋሁ። ሥጋ በምበላበት ወቅት ከሥጋው፣ በጾም ከምስርና ከሽንብራ አገኘዋለሁ።

የካቲት መጨረሻ፣ 27። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያን ወር በቀን 500 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ወስጄ ነበርና «ይኸው ሠራልኝ!» ብዬ ለስንቱ ደወልኩ። ዶክተሯ ግን አረሙኝ። ከምንጩ የራቀ ሰው በደሙ ያለው እርሳስ መጀመሪያ ላይ በወር አካባቢ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ አጥንቱ ቀስ በቀስ ስለሚመልስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለቁጥሩ መውረድ ትልቁ ምክንያት ያንን ቤት መተዌ ነው። ቫይታሚን ሲ እርሳስ ያወርዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ አያወርድም የሚሉም አሉ። እኔ ክኒኑን በሚያዝያ ተውኩት። ብርቱካንና ቃሪያ ግን አልተውኩም። ክኒኑ በብዛት ሲወሰድ ለኩላሊት ጠጠር ስለሚያጋልጥ ኩላሊቱን ያመመው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው።

ሁዳዴ ሲገባ ጭንቀት መጣ። ወተት የለ፣ አይብ የለ። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። «ሰውነትህን ልታድን እንጂ ልትገድል አልታዘዝክም፤ ሐኪሟ በሥራ ቀን ብላ ካሉህ ቁርስህን ብላ» አሉኝ። ጾሙን በጾም ምግብ፣ ቁርሴንም በጊዜው እየበላሁ ጨረስኩት። ካልሲየሙን የት አገኘሁ? ጤፍ በ100 ግራም ዱቄት ወደ 180 ሚሊግራም አለው፣ ከስንዴ ብዙ እጥፍ ነው። ጎመን ደግሞ ካልሲየሙ ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ነው። ከቅርፊቱ ጋር የተቆላ ሰሊጥም ጨመርኩ። ባለቤቴ ጎመኑን በየሁለት ቀኑ ትሠራ ነበር። ቤታችን ጎመን ጎመን እንደሸተተ ፋሲካ ደረሰ።

ሚያዝያ፣ ቁጥሩ 20። ሐምሌ፣ ቁጥሩ 15። ስለ እነዚህ ወራት ብዙ የምለው የለኝም። ካልሲየሙ ቀጠለ፣ ቁርሱም ቀጠለ፣ የሆዴ ቁርጠት ጠፋ።

ከሁሉ የሚከብደኝን አሁን ልንገራችሁ። እኔ በተመረመርኩ በሳምንቱ የሁለት ዓመት ልጄ ተመረመረች። 6.2 ነበር። እሷ ቀለም አልፋቀችም። እኔ ነኝ ያመጣሁላት። ማታ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ በሩን ስከፍት እየሮጠች መጥታ እግሬን ታቅፋለች። አንስቼ እስማታለሁ። ከዚያ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሱሪዬ ከእሷ ልብስ ጋር ይታጠባል። የመኪናው ወንበርም በብናኝ ተሞልቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የብረት ማዕድን ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የብረት ማዕድን ያነሰው አንጀት ብረት ፍለጋ በሩን በሰፊው ይከፍታል፤ በዚያው በር እርሳስም ይገባል። ሰውነት ያከማቸውን የብረት ማዕድን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው የእኔ ሲመረመር ደህና ነው ተባለ። ስለዚህ ክኒን አልወሰድኩም፤ ሳይጎድል መውሰድ በራሱ ጉዳት አለው። የልጄ ግን ዝቅተኛ ነበር። የሕፃናት ሐኪሟ በክብደቷ የተለካ ጠብታ አዘዙላት። ከወተት ጋር አንሰጣትም፣ ካልሲየም ብረቱ እንዳይገባ ይይዘዋልና። በትንሽ የብርቱካን ጭማቂ እንሰጣታለን። ሻይም በዚያ ሰዓት የለም። ጠብታው የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ሳጥን ነው። ሕፃን ልጅ የብረት ክኒን አግኝቶ ብዙ ከዋጠ ሊሞት ይችላል፤ ይህን እባካችሁ አትናቁት።

ቤቱንም አጸዳን። አቧራውን በደረቅ መጥረግ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ ሆነ። የመኪናውን ወንበር ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ የሚባል ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ጠረግነው። ሥራ ቀየርኩ። አዲሱ ቦታ ቀለም ሳይመረመር አይነካም፤ ሲፋቅም በእርጥቡ ነው። ፊቴ ላይ የማደርገው ሮዝ ክብ ማጣሪያ ያለውን፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ፒ100 የሚባል ማስክ ነው። ልብሴን እዚያው እቀይራለሁ፣ ጫማዬ መኪናው ኋላ በክዳን ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ሚስቶቻችሁ እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ይህን ጉዳይ አታሳድሩ። በእርግዝና ጊዜ አጥንት ካልሲየም ይለቃል፣ እርሳሱም ወደ ጽንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ቁጥራቸው 5 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ከምግብ በቂ ካልሲየም ለማያገኙ እርጉዞች ካልሲየም እንዲሰጥ ይመክራል። ግን በሐኪም ይሁን።

ኅዳር፣ ቁጥሩ 12። ዘንድሮም ጾመ ነቢያት ገባ። በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ጥቅልል እንጀራ በሽሮ በልቼ እወጣለሁ። አሁን የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማታ ከራት ጋር 500 ሚሊግራም ካልሲየም። የተረፉት ጠርሙሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የምትፈልጉ ካላችሁ ግን አልሰጥም፣ መጀመሪያ ተመርመሩ። ቀጣዩ ቀጠሮዬ የካቲት ነው፣ ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።

የልጄ ቁጥር በሚያዝያ 4.4 ነበር፣ ባለፈው ሳምንት 2.8 ሆነ። አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንደበቷም ተፈቷል። ማታ በሩን ስከፍት እየሮጠች ትመጣና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ትቆማለች። እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ «አባዬ፣ ታጠብክ?» ትለኛለች።