ወራጅ አለ!

አማቴ ባለፈው እሑድ እኔው መኪና ውስጥ፣ እኔው አጠገብ ተቀምጠው «ወራጅ አለ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምክንያቱም የምነዳው ሚኒባስ አይደለም። ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ነው። 300 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ፣ ከኋላው ክንፍ ያለው። ታላቅ ወንድሙ በ1997 እ.ኤ.አ. የኬንያን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል። እዚሁ ከሞያሌ ማዶ፣ ያን ሁሉ ድንጋይና ጭቃ ሰንጥቆ! የኔው ግን ጣፎ ላይ፣ ከቤቴ 200 ሜትር ሳይርቅ ቀረ።

ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል። እኛ ባቡሩ ተስፋ ከቆረጠበት ወዲያ ነው የምንኖረው። መኪናውን ስገዛ ያየ ሁሉ «ይህን ይዘህ እዚያ ሰፈር ልትገባ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ኧረ ፎር ዊል ነው!» እላለሁ። ስንቴ እንዳልኩት! ፎር ዊል ሆኖ ሆዱ መሬት የሚልስ መኪና እንዳለ ማን ይጠረጥራል? ለዚያውም የቀድሞው ባለቤት ለማማር ብሎ ይበልጥ ዝቅ አስደርጎታል።

ነገሩ የጀመረው በድምፁ ነው። ጠዋት ሳስነሳው ሰፈሩ አብሮኝ ይነሳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠርተው ሲያነጋግሩኝ አስረዳኋቸው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ከሞተሩ የሚወጡት የጭስ ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ ነው እንዲህ የሚንዶቆዶቀው።»

ትንሽ አሰቡና «እኩል አታስደርገውም?» አሉኝ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። «አንዳንድ ሹፌሮች ስለሚፈጥኑ የፍጥነት መቀነሻ ይሠራ» ተባለ። አንዳንድ ሹፌሮች ሲባል አርባው ሰው እኔን አየ። ንጹሕ ሰው መሆኔን ላሳይ ብዬ መዋጮውን ቀድሜ ከፈልኩ። 1,500 ብር። ደረሰኝ አለኝ።

ጉብታው ተሠራ። ጉብታ ስላችሁ ግን አትሳሳቱ። ቤት የሚሠራ ሁሉ የተረፈውን ጠጠርና ሲሚንቶ እያመጣ ደፋበት። አሁን ልጆች ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ይንሸራተቱበታል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው እላዩ ላይ ወጥቶ ይደውላል። በግ ነጋዴ የፋሲካ ሰሞን በጉን ጫፉ ላይ አቁሞ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ ከታች ለሚያየው ሙክት እንዲመስል። አንድ ሽማግሌ ሲወጡት መሐል ላይ አረፍ ብለው አይቻለሁ።

ታዲያ ሁሉም ያልፈዋል። ቪትዝ ያልፈዋል። ባጃጅ ያልፈዋል። ሲሚንቶ የተጫነች አህያ ታልፈዋለች። ጎረቤቴ ደግሞ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ገዝቷል። ባገኘኝ ቁጥር «አንተስ መቼ ነው የምትገላገለው?» ይለኛል። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ ሲያልፍ እጁን ያውለበልባል። የኔው ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ እሱ ሌሊት ቤቱ ሰክቶ ይተኛል። ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የሱ መኪና እኮ ድምፅ የለውም! ከኋላህ መጥቶ ተረከዝህን ሲነካህ ነው የምታውቀው። ለልጆች የሚያሰጋው ማን ነው? ጉብታው የተሠራው ግን ለኔ።

እሑድ ጠዋት ማኅበር ነበረባቸው። አማቴ ከፊት፣ ሁለቱ እኅቶቻቸው ከኋላ። ድፎ ዳቦው አማቴ ጭን ላይ። ጉብታው ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ አግድም ገባሁ። ብቻዬን ስሆን በዚህ ዘዴ አልፋለሁ። የፊቱ ጎማ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ ከሥራችን ድስት በማንኪያ ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሆዱ ተቀመጠ።

ነዳጅ ሰጠሁት። ፎር ዊል ነው አላልኩም? ጎማዎቹ ተሽከረከሩ። ክብደቱን ሆዱ ተሸክሞት መሬቱን የቆነጠጠ ጎማ ግን አልነበረም። ሦስት መቶው ፈረስ ባዶ ሜዳ ላይ አናፋ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ቆመ። ሰብሳቢው ከየት እንደመጡ እንጃ፣ «ሰው ይውረድ!» አሉ። አክስቶቹ ወረዱ። አማቴ ድፎውን እንዳቀፉ ወረዱ። መኪናው ቀለል ሲለው ከፍ አለ፤ አራት ጎረምሶች ገፉት፤ አለፈ። ሴቶቹ ጉብታውን በእግራቸው ተሻግረው እንደገና ገቡ። «ይባርክህ ልጄ፣ ደከምክ» አሉኝ አማቴ። ምኑ ነው የደከመኝ? መሪ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ማታ ስንመለስ ጨለማ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ጉብታው አሥር ሜትር ሲቀረው አማቴ ቀበቶአቸውን ፈቱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ነው ያቺን ቃል የተናገሩት። ከኋላ ደግሞ አንዷ አክስት «ሒሳብ ከኋላ!» ብላ ጨመረች። ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ወሬው በማግስቱ ባጃጆቹ ጋ ደርሷል። አሁን እዚያ ቦታ መውረድ የሚፈልግ ሰው «ሱባሩ ጋ» ነው የሚለው።

ትናንት ባለቤቴ ምሳ ስታቀርብ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው። ድምፃቸው እስከኔ ይሰማል፤ «ሱባሩ ጋ ደርሻለሁ» ይላሉ። ቁልፌን አንስቼ «መጣሁ በያቸው» አልኳት።

«ተወው በይው፣ ባጃጅ ይዣለሁ» አሉ።