ለጎጃም ሰው «በእግርህ ሂድ» ብሎ ማስተዋወቅ

የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ሰው በእግሩ መሄድ እንዲለምድ ዘመቻ ሊጀምር ሲል የማስተዋወቁን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ጥያቄው መጣ። ገበሬው ገበያ ደርሶ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ በሚጓዝበት አገር ማንን ነው ሂድ የምንለው?

ስፖቱን፣ ማለትም አጭሩን የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ከመጻፌ በፊት መቅረጫዬን ይዤ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ከመሸንቲ በኩል ቅቤ ይዘው የመጡ እናት አገኘሁ። «እማማ፣ የእግር መንገድ እንዴት ነው?» አልኳቸው። የቅቤ ቅላቸውን ከጀርባቸው እያወረዱ «ልጄ፣ እኛ መች ተቀምጠን እናውቃለን? የተቀመጣችሁት እናንተ» አሉኝ። በቃ፣ ዘመቻው ለማን እንደሆነ ለየልኝ። ቢሮ ውሎ በባጃጅ ለሚገባው፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ለሚመሽበት፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለብህ ለተባለው ነው። አስፈቅጄ ድምፃቸውን የስፖቱ መክፈቻ አደረግኩት። ሰው እስካሁን «የእማማ ማስታወቂያ» ነው የሚለው።

«የእግር ጉዞ ለጤና ጠቃሚ ነው» የሚል ነገር ስፖቱ ውስጥ አላስገባሁም። ይህን የማያውቅ የለም፤ እያወቀም ባጃጅ ይጠራል። ያስገባሁት መንገዱን ነው፦ «ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።» የሚያውቀውን ሰፈር ስም ሲሰማ ሰው በልቡ ማስላት ይጀምራል። ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ የታደለች ናት፤ ሜዳ ናት፣ ዘንባባውም ጥላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ ከሥራ መሄጃና መመለሻ አንዱን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ በእግሩ ያደረገ ሰው እዚህ ደቂቃ ላይ ደረሰ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ደግሞ ደቂቃው ቢቆራረጥም እንደሚቆጠር ይላል። ይህን ያልን ቀን ስልካችን አላረፈም። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስም ይቆጠራል ወይ የሚሉ እናቶች ናቸው አብዛኞቹ። ይቆጠራል!

ሰዓቱ ላይ ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬያለሁ። እሱ የማታ ዜና ዙሪያ ይሁን አለ፣ አድማጭ የሚበዛው ያኔ ነው። እራቱን በልቶ የተቀመጠ ሰው ግን ተነስቶ አይሄድም። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አደረግነው፤ ሰው ጫማውን ሲያስርና ከቢሮ ሲወጣ።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጡን እነሱ ናቸው፣ እንጀራቸውን የሚነካ ማስታወቂያ ደግሞ በገዛ ባጃጃቸው ውስጥ ሊለፈፍ ነው። ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሄጄ አወራኋቸው። አንዱ «ወንድምዓለም፣ የተሳፋሪውን ተወው፤ እኔስ ከዚህ ወንበር መቼ ተነስቼ አውቃለሁ?» አለኝ። ማታ ሲወርድ እግሩ ስለሚደነዝዝ ብረቱን ይዞ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚራመደው። ሁለተኛው ስፖት የእሱ ሆነ። ዕቃ የያዘ፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ በባጃጅ፤ እጁ ባዶ የሆነና መንገዱ ያጠረ በእግሩ፤ እኛም ተራ ስንጠብቅ ወረድ ብለን እንንቀሳቀስ አለ። ከዚያ በኋላ ስቲከራችንን ያለ ክፍያ የለጠፉልን ራሳቸው ሾፌሮቹ ናቸው።

ጣቢያው አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» ያለ ትልቅ ቀን፣ ቲሸርትና ሞንታርቦ ያለው፣ አስቦ ነበር። መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ሲሞላበት ማየት ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እኛ የምንፈልገው የማክሰኞን፣ የተራውን የሥራ ቀን እግር ነው። የቲሸርቱን ብር ለተጨማሪ ስፖትና ለዕድሮች በራሪ ወረቀት አዋልነው። የዕድር ሊቀመንበር ቆሞ ያነበበውን ነገር ሰው ከሬዲዮም በላይ ያምነዋል፤ በተለይ ሸምገል ያሉት የመጡልን በዚያ በኩል ነው።

አሁን የክረምቱን እያዘጋጀን ነው። ማታ ማታ ዝናብ ስለሚኖር የ11 ሰዓት ተኩሉን ስፖት ወደ ምሳ ሰዓት እናመጣዋለን፣ የምንጠራቸውንም መንገዶች ጭቃ የሌለባቸውን መርጠን እንደገና እንቀርጻለን።