ባናው

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በብስክሌት ስንጓዝ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ስድስት ለእረፍት ከውጭ የመጡ እንግዶች፣ እኔ ደግሞ አስጎብኚያቸው። በውሃና በጭቃ ፍሬኑ መያዝ አቃተው፤ ወርደን እየገፋን ወደ አንዲት እናት ቤት ተጠጋን።

«ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ!»

ማንነታችንን እንኳ አልጠየቁም። ኩበቱን ቆስቁሰው ከመደቡ ላይ ባናቸውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን፣ አነሡና በጣም የምትንቀጠቀጠዋን ወጣት ጠቀለሏት። ጥቁር ባና፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የተፈተለ፣ ከባድ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት። ውዱን የዝናብ ልብሷን ውሃው አልፎት ነበር። የበግ ጠጉር ግን እርጥብ ሆኖም ይሞቃል፤ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር ደገኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የደነዘዙ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ሲፍታቱ አየሁ። እማማ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «እናትሽ እንዲህ ሆነሽ ቢያዩሽ ምን ይላሉ?» አሏት። ተረጎምኩላት፤ አለቀሰች።

በዕቅዴ ላይ የነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ነው። የሸዋን ደጋ ስናስተዋውቅ ገደሉንና ጭላዳውን እናሳያለን፤ ባና የሚሠሩትን እጆች ግን አናሳይም። ይህ ይቆጨኛል። ለሚቀጥለው ጉዞ መንዝ ሄጄ ከሠሪዎቹ እጅ ባና እገዛለሁ።