የሬቤውን ደብዳቤ ላሚኔት ያስደረግኩ ዕለት

ይህን የምጽፈው የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የድሮ ደብዳቤ እጃችሁ ከገባ ላሚኔት ማድረጊያ (ወረቀትን በሙቀት በፕላስቲክ የሚለብጥ) ማሽን አጠገብ እንዳትደርሱ።

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ኪርያት ማላኺ ነው። እዚህ እኛ ቤተ እስራኤሎችና የሉባቪች ሐሲዶች (ሬቤ የሚሉትን መንፈሳዊ መሪ የሚከተሉ አጥባቂ አይሁዶች) ጎን ለጎን እንኖራለን። የእነሱ ሰፈር ናሐላት ሃር ሐባድ ይባላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ከሶቪየት ኅብረት ለመጡት የተቆረቆረ ነው። ሁሌ ተዋደን አይደለም። አይሁድነታችንን የሚጠራጠር ዛሬም አይጠፋም። ሳቭታ (በዕብራይስጥ አያቴ እንደማለት) የምላቸው ጎረቤቴ ግን እንዲያ አልነበሩም። ቧንቧ ሲበላሽባቸው እጠግን ነበር፤ አስቤዛቸውን ፎቅ አወጣላቸው ነበር። ከመሞታቸው በፊት አንድ ፖስታ ሰጡኝ።

«ልጄ ብሩክሊን ነው፤ እዚያ የሬቤው ደብዳቤ ሞልቷል። አንተ ያዘው» አሉኝ።

ውስጡ በዕብራይስጥ የተተየበ አንድ ገጽ ነበር። አናቱ ላይ 770 ኢስተርን ፓርክዌይ የሚለው የብሩክሊኑ ዋና ቤታቸው አድራሻ፣ ከታች የመናኸም ሜንደል ሽኔርሶን ፊርማ። ከ1951 ጀምሮ በ1994 እስካረፉ ድረስ ሉባቪችን የመሩት ሰባተኛው ሬቤ ናቸው።

ቀኑን ማንበብ ቀላል ነው። ታቭ 400፣ ሺን 300፣ ላሜድ 30። አምስቱ ሺህ ስለማይጻፍ 5730 ይሆናል። ወሩ ሽቫት ስለሆነ በ1970 መጀመሪያ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር 1962። የሳቭታ ባል ስለ ሕመሙ ጠይቆ ኖሯል። ሬቤው ደግሞ ለብዙ ሰው እንደሚሉት በር መቃኑ ላይ ያሉትን መዙዛዎች (ጥቅስ የተጻፈባቸው ብራናዎች) አስመርምር ብለውታል። ኅዳጉ ላይ በእጃቸው የጨመሯት አንድ አጭር መስመር ነበረች። ደብዳቤውን ጸሐፊ ይተይበዋል፤ እሳቸው አርመው ይፈርማሉ። ዋጋው ያለው ብዕራቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ከረፈደ ነው።

ኢየሩሳሌም ያለ አንድ ጨረታ ቤት ደወልኩ። ልሸጠው ፈልጌ ሳይሆን ምንነቱን ለማወቅ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። «ናይሎኒት ውስጥ ከተህ አምጣው» ብሎ ዘጋው፤ ናይሎኒት ወረቀት የሚከተትበት ስስ ላስቲክ ነው። በቃ፣ ይቺው ናት ምክሩ!

ናይሎኒት ልገዛ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ወረቀቱን አየት አደረገና «ይሄማ ላሚኔት ነው የሚሻለው፤ ዕድሜ ልክ ይቆይልሃል» አለኝ። ዕድሜ ልክ የምትለዋ ቃል ሸወደችኝ። አባቴ በሱዳን በኩል ሲመጣ ወረቀቱ ሁሉ ጎንደር ቀርቷል፤ ከአያቶቼ አንድ ፊደል የለኝም። ይቺ እንኳ ትቆይልኝ አልኩ። «አድርገው» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁን ብወቅሰውም ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ወረቀቱ ሃምሳ ዓመት እንደታጠፈ የኖረ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ዋጠው፣ ከዚያ ያዘው። ልጁ ሳብ አደረገ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ሲወጣ እጥፋቱ ላይ ተጨማዷል፤ ጭምድዱም ያረፈው ከሌላው ቦታ ሁሉ መርጦ የእጅ ጽሑፏ ላይ ነው። ሽፋኑ ውስጥ አረፋ ቋጥሯል። ልጁ ሂሳብ ተቀበለኝ። ከፈልኩ ደግሞ!

ሰነድ የምትጠግን ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ብዙ አልፈጀባትም። ሙቀቱ ሙጫውን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር አዋህዶታል። በኬሚካል ላላቅቀው ብትል ቀለሙም አብሮ ሊሄድ ይችላል። «እንዳለ ተወው» አለችኝ። የጨረታ ቤቱ ሰውዬም ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ናይሎኒት ብዬህ አልነበር አለኝ። ብሏል፣ እውነት ነው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

የሱቁን ርካሽ ናይሎኒትም ቢሆን አልመክርም፤ ቀለም እየሳበ ይጣበቃል። አሲድ የሌለው ወረቀት መሃል አድርጉና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ተዉት። ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱት። የሬቤው ደብዳቤዎች ከ30 በላይ በሆኑ ጥራዞች ታትመዋል፤ የተቀባዩ ስም ብዙ ጊዜ ስለማይታተም በቀኑ ፈልጉት።

የአንድ ገጽን ጉልበት የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ሳነብ ነው። የሬቤው አማት፣ ስድስተኛው ሬቤ ዮሴፍ ይስሐቅ፣ በ1946 ፖላንድ የቀሩ መጻሕፍታቸውን ለማስመለስ እንዲረዳቸው ለምሁሩ አሌክሳንደር ማርክስ ጽፈው ነበር። መጻሕፍቱ የሐሲዶቹ ማኅበር ናቸው ይላል ደብዳቤው። አርባ ዓመት ገደማ አልፎ የልጅ ልጃቸው ከቤተ መጻሕፍቱ እየወሰደ ሲሸጥ ነገሩ ብሩክሊን ፍርድ ቤት ደረሰ። ዋናው ማስረጃ ያ ደብዳቤ ሆነ፤ በጥር 1987 ዳኛው ለማኅበሩ ፈረደ።

ባለፈው ወር የሳቭታ ልጅ ደወለ። የአባቱን ደብዳቤ ማየት ፈልጎ ነው። ሱቅ ከመግባቴ በፊት ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁለት። አመሰገነኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። ስለ ላሚኔቱ እስካሁን አልነገርኩትም።