ወደ ፋርማሲ መላኩ ሳይሆን መመለሱ ነው ያንገበገበኝ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ጉንፋን፣ ቃር፣ ጭርት፣ የሙቀት ሽፍታ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ የያዛቸውን ሰዎች አያለሁ። የሚያሰጋ ምልክት ከሌለባቸው በየሰፈራቸው ወዳለ ፋርማሲስት እልካቸዋለሁ። አሠራሩ ይሠራል፤ እኮራበታለሁም። ስጀምር ግን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንዲት እናት ከነልጇ ባልተንገላታች ነበር። የምጽፈው እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

የጀመርኩት ወረፋው ስላሳሰበኝ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮሪደሩ ሰው በሰው ይሆናል። ትራያጅ ላይ ድንገተኛው ይለያል፤ የቀረው ሁሉ አንድ ወረፋ ነው። አፍንጫው የሚፈስ ጎረምሳ ከፊት፣ ሳንባ ምች የጀመረው ሕፃን ከኋላ ይቀመጣሉ። ጎረምሳው ግማሽ ቀን ጠብቆ ከእኔ የሚያገኘው ፓራሲታሞልና "ፈሳሽ በደንብ ውሰድ" የሚል ምክር ነው። ይህን ፋርማሲስቱ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቀዋል። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ባለሙያ ኪኒን ቆጥሮ ከመስጠት ያለፈ ሥራ ይችላል።

አጀማመሩ ብዙ ጣጣ አልነበረውም። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋገርኩ፤ "ሞክረው" አለኝ። ከዚራ፣ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ያሉ ፋርማሲዎችን ዞሬ አየሁ። የተስማሙትን መዘገብኩ። ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደሌለበትና መቼ መመለስ እንዳለበት የሚጻፍበት ትንሽ ወረቀት አዘጋጀሁ።

አመራረጡ ላይ ግን ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ፋርማሲውን ሳይሆን ሰውየውን ምረጡ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የፋርማሲስቱን ስም ይዟል፤ ባንኮኒው ጋ የቆመው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔ የሚገኝበትን ሰዓት ጠይቄ ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያም በፊት ወንድሜን እየላክሁ "ጉንፋን ይዞኛል፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ" እንዲል አደረግኩ። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ እንደማይፈቀድ ሁሉም ያውቃል፤ እንደ ከረሜላ የሚሸጠው ግን ብዙ ነው። ምንም ሳይጠይቅ የሸጠለትን ተውኩት። "ትኩሳት አለህ? ስንት ቀንህ ነው?" ብሎ ጠይቆ ባዶ እጁን የመለሰውን ያዝኩ። በኋላ አንድ የጤና ቢሮ ሰው "ይሄ አድልዎ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ እኩል ነው" አለኝ። አልተቀበልኩትም፤ አሁንም አልቀበለውም። ፈቃዱ ለመሸጥ ይበቃል፤ ሕመምተኛ አምኜ ለመላክ ግን አይበቃኝም።

ባዶ እጅ የሚመልስ ፋርማሲስት ከዚያ ሰው ምንም እንደማያገኝም አትርሱ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ ፋርማሲዎች ሰባት የተለዩ ቀላል ሕመሞችን እንዲያክሙ ተደርጓል። የጉሮሮ ሕመም፣ የጆሮ ሕመም፣ የሴቶች ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እዚያ ፋርማሲው ለምክክሩ ይከፈለዋል። እኛ ጋ የሚኖረው ከሸጠው ነው። የባለሙያውን ምክር በነፃ እየወሰድን "ለምን ሻጭ ሆነ?" ብለን መውቀስ ነውር ነው። ይህ መስተካከል ያለበት ከላይ ነው።

የማልልካቸውን ላስቀምጥ። ነፍሰ ጡር፣ ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን፣ ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሆነው አይሄዱም። ትኩሳት ያለውን ሰው ደግሞ ፈጽሞ አልልክም። ሌላ ከተማ ያለ ባልደረባዬ "ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው?" ብሎኝ ነበር። ድሬ ላይ ችግር አለው። ትንኝ የምታስተላልፋቸው ትኩሳቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በወረርሽኝ መልክ የገቡባት ከተማ ናት። በ2022 ደግሞ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው ትንኝ ወባ አስነስቶብናል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም "ቆረጣጠመኝ፣ አተኮሰኝ" ነው የሚሉት። ዴንጊ የያዘው ሰው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን የተባሉትን ማስታገሻዎች ከወሰደ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ለቁርጥማት ደግሞ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዳይክሎፌናክን ነው። ስለዚህ ትኩሳት ካለ ደም ይታያል፤ ወባው ይመረመራል። ፋርማሲስቶቼም በራሱ የመጣ ትኩሳተኛ ሲያዩ ወደ እኔ ይመልሱታል።

መመለስ ያልኩት ነገር ነው እንግዲህ ያንገበገበኝ።

አንድ ጠዋት ከገንደ ቆሬ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይዛ አንዲት እናት መጣች። ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ሳየው ነቃ ያለ ነው፤ ይጠጣል፤ ዓይኑ አልሰረጎደም፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ወዲያው ይመለሳል። የውሃ እጥረት የለበትም። ዚንክ እኛ ጋ አልቆ ስለነበር ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ዚንክ እንድታገኝ፣ አበጣበጡንም በኦሮምኛ እንዲያስረዳት ቤቷ አጠገብ ወዳለው ፋርማሲስት ላክኋት።

ልጁ የደከመው እዚያ ነው። ፋርማሲስቱ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ እያሳያት ሳለ ልጁ የቀመሰውን ሁሉ ማስታወክ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ፈዘዘ፤ አንገቱን ጣል አደረገ። ፋርማሲስቱ አልዘገየም። የእኔኑ ወረቀት ገልብጦ "የሰጠሁትን ሁሉ አስታወከ፤ ፈዟል፤ አሁኑኑ ይታይ" ብሎ ጻፈና በባጃጅ አሳፍሮ መለሳት። ከዚህ የተሻለ ሥራ ማንም ሊሠራ አይችልም።

ካርድ ክፍል ስትደርስ "ካርድሽ ተመልሷል፤ አዲስ ክፈይና ወረፋ ያዢ" አሏት። ወረቀቱን አሳየች። "ይሄ ማህተም የለውም፤ ደግሞ ከፋርማሲ ሪፈር የለም" ተባለች። ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው እያየሁ ነው። ያወቅሁት ፋርማሲስቱ "ልጁስ እንዴት ሆነ?" ብሎ ሲደውልልኝ ነው። "የቱ ልጅ?" አልኩት። ሮጬ ስወጣ እናትየው የውሃ ፕላስቲኩን በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ በክዳኑ ኦአርኤስ እየቀዳች ከንፈሩ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። የሚውጠው አልነበረም። በደም ሥሩ የሚገባ ፈሳሽ ተሰቀለለት፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ ጡት ፈለገ። ዳነ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ በአንድ ማህተም ምክንያት ልናጣው እንችል ነበር።

የካርድ ክፍሏን ልጅ አልወቅሳትም። ያልተከፈለበት ካርድ ብታወጣ የምትጠየቀው እሷ ናት። የምናደደው ከዚያ በኋላ ባየሁት ነው። "የመመለሻ ወረቀት ይታወቅልን" ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ተላከ። አንዱ "የሪፈር ሥርዓቱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ፋርማሲ በየትኛው እርከን ነው?" አለኝ። ሌላው ፊት ለፊት "ፋርማሲስት ሐኪም ነው እንዴ የሚልክልህ?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ሕፃኑ መፍዘዙን አይቶ ያዳነው እሱ ነው። ካርድ ክፍላችንም ማህተማችንም አላዩትም። ቢሯቸው ድረስ እየተመላለስኩ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ "እናየዋለን" ተባልኩ። እስከ ዛሬ እያዩት ነው።

ደብዳቤውን መጠበቅ ትቼ ነገሩን በራሳችን ጨረስነው። የመመለሻ ወረቀቱን ቢጫ አደረግሁት። ለመረጥኳቸው ፋርማሲስቶች አስቀድሜ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ከካርድ ክፍል ኃላፊዋ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ የዚያኑ ቀን ቢጫ ይዞ የተመለሰ ሰው አዲስ አይከፍልም፣ የጠዋት ካርዱ ይወጣለታል አለች። የትራያጅ ነርሶቹ ቢጫ ካዩ ቀድመው ያያሉ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የበሩ ጥበቃ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ኦሮምኛም ሶማልኛም ይችላል። ቢጫ ወረቀት ሲያይ ይዞ እስከ ትራያጅ ያደርሳል። አለቆች "መመሪያ ሳይወጣ አትጀምሩ" ይሏችኋል። እኔ የምላችሁ ግን ጥበቃው፣ ካርድ ክፍሉና ትራያጁ ሳይስማሙ አትጀምሩ ነው። እነሱ ከተስማሙ መመሪያው ቆይቶ ይድረስ።

የተቅማጥ ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ኦአርኤስ እዚሁ እናቱ በማንኪያ እየሰጠችው ትንሽ ይቆያል። ከረጋለት ይሄዳል፤ ካስታወከ አይሄድም።

ያልፈታሁት የጤና መድኑን ነው። የማህበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው እኛ ጋ መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ይወስዳል፤ ወደ ግል ፋርማሲ ብልከው ግን ከኪሱ ይከፍላል። መዋጮውን ዓመት ሙሉ የከፈለ ሰው ወረፋ ለማሳጠር ብዬ ሁለተኛ እንዲከፍል አላደርግም። ስለዚህ የመድን አባላትን የምልከው ወደ ራሳችን መድኃኒት ክፍል ፋርማሲስት ነው፤ እሷም እንደ ውጪዎቹ ጠይቃ፣ መክራ ትሸኛለች። ከተመረጡ የግል ፋርማሲዎች ጋር መድኑ ውል እንዲገባ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ግልባጩን ይዣለሁ። ሌላ ጤና ጣቢያ ያላችሁም አስገቡ፤ ከአንድ ቦታ ብቻ የመጣ ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።