ጎተራ የሚመስለው ቤት፦ ሁለት ሃምስተሮችን በጎንደር ያኖርኩበት አንድ ዓመት

ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ይኖር የነበረው የአጎቴ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ሁለት ሃምስተሮቹን፣ ማለትም አይጥ መሰል ትንንሽ የቤት እንስሳቱን፣ ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ሁለቱም እንስቶች ሲሆኑ ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ፣ ሦስት ወር ገደማ የሞላቸው ነበሩ። አንደኛዋ ደመቅ ያለች ቡናማ፣ ሁለተኛዋ ገርጣ ያለች በመሆኗ እናቴ በፈረስ መልክ አጠራር «ዳማ» እና «ቡላ» የሚል ስም አወጣችላቸው። ጎንደር የደረሱት ርዝመቷ 45፣ ወርዷ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነች የሽቦ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ ወለሏ ላይ የተነሰነሰው ጉዝጓዝ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ከዚያች ጎጆ ተነሥቼ ዛሬ የሚኖሩበት ቤት ላይ እስክደርስ ያለፍኩበትን ሁሉ እዚህ የጻፍኩት በቤታቸው ትንንሽ እንስሳትን የሚያሳድጉ ወዳጆቼ የእኔን ስሕተት ሳይደግሙ እንዲጀምሩ ስለምፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሁለቱን አንድ ላይ ማኖሬ ነበር። እንስሳቱን የሸጠው ሰው «እኅትማማቾች ናቸው፣ ብትለያቸው ይከፋቸዋል» ብሎ ለአጎቴ ልጅ ነግሮት ስለነበር እኔም ነገሩን ሳልመረምር ተቀበልኩት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ስለታም የሲጥሲጥታ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ቡላ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ዳማ በላይዋ ሆና ስትነክሳት አገኘሁ፤ የቡላ የቀኝ ጆሮ ጫፍ ተቀዶ ደም ይፈስሰው ነበር። በዚያው ሌሊት ቡላን ወደ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዛወርኳት። ወርቃማ ወይም የሶርያ ሃምስተር የሚባለው ይህ ዝርያ ካደገ በኋላ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው፤ ግልገሎቹ አምስት ሳምንት ሲሞላቸው መለያየት አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ እኅትማማችነት ከጠብ አያድናቸውም። ሁለት የሶርያ ሃምስተር ያለው ሰው ሁለት ቤት ለማዘጋጀት ካልቻለ አንዷን ለሌላ አሳዳጊ ቢሰጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከተለያዩ በኋላ ጠቡ ቆመ፤ ዳማ ግን ሌሊት ሌሊት የጎጆዋን ሽቦ መንከሷን አልተወችም። መጀመሪያ የራባት መስሎኝ ምግብ ጨመርኩላት፤ ቀጥሎ ጥርሷን የምትሞርድበት እንጨት አስገባሁላት፤ ሁለቱም ለውጥ አላመጡም። አፍንጫዋ ላይ ያለው ፀጉር ተልጦ ቀይ ቆዳዋ መታየት ሲጀምር ግን እንስሳዋ ከየት እንደመጣችና በተፈጥሮዋ እንዴት እንደምትኖር ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 እንግሊዛዊው ጆርጅ ዋተርሃውስ ነው። ዛሬ በሰው ቤት የሚገኙት የሶርያ ሃምስተሮች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም እስራኤል አሃሮኒ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 በሶርያ፣ በሐላብ ከተማ አካባቢ፣ ከአንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ ካወጣቸው እናትና ግልገሎች የተገኙ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው አካባቢ የሄዱ ተመራማሪዎች የዱር ሃምስተሮችን ጉድጓዶች ሲለኩ ጥልቀታቸው ከ36 እስከ 106፣ በአማካይም 65 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኙት። በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ የእኔን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነበር፤ ሃምስተሮቹን በሦስት ከፍሎ በ10፣ በ40 እና በ80 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ላይ ሲያኖራቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ሽቦ ሲነክሱ የታዩት በ10 ሴንቲ ሜትሩ ላይ የኖሩት ናቸው። የዳማ ጎጆ ጉዝጓዝ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልነበረም። እኔ የወለል ስፋት ብቻ ስቆጥር የከረምኩት እንስሳዋ ዕድሜዋን በሙሉ የምትኖርበትን ጥልቀት ረስቼ ነው።

የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ቢያንስ 100 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት ይመክራል። ለዳማ ከዚያ ከፍ አድርጌ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት ነደፍኩና አራዳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አናጢ ወሰድኩት። ንድፉን ገልብጠው ገለባብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ ቁም ሣጥን ነው ወይስ የዶሮ ቤት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ እንስሳ የሚኖርበት ነው፤ እስከ ወገቡ ድረስ ጭድ ይሞላል» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያው ጎተራ በለኛ» አሉና እርሳሳቸውን አንሥተው በንድፉ መሐል ዙሪያውን መሥመር አሰመሩበት፤ «የጎተራ ጎን የሚፈነዳው ከመሐሉ ስለሆነ መቀነት ያስፈልገዋል» ብለው በአራት ማዕዘን ጣውላ አጠበቁት። እኔ ያልታየኝን ከአንድ ቃል ተነሥተው ስላዩት ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ሦስቱ ጎኖች ወፍራም ኮምፔርሳቶ ናቸው፤ የፊቱ ጎን እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ መስታወት ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት ወንፊት በር ነው። በሩ ከፊት መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሃምስተር ከላይ የሚወርድ እጅ ሲያይ አሞራ የመጣበት ያህል ይደነግጣል። ክዳኑም ወንፊት ነው፤ አየር ካልተዘዋወረ የሽንቱ ጠረን ታፍኖ የእንስሳውን ሳንባ ይጎዳል። የወባ መከላከያ የፕላስቲክ ወንፊት ግን በአንድ ሌሊት ሊበሳ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጉዝጓዙ ነው። አናጢው አንድ ጆንያ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ በነጻ ሰጡኝና በደስታ ሞላሁት፤ በሦስተኛው ቀን ዳማ ማስነጠስ ጀመረች፤ ዓይኖቿም አለቀሱ። ጆንያውን ዘርግፌ ሳሸተው ውስጡ የጽድ ፍቅፋቂ ነበረበት፤ የጽድና የመሰሉት ዛፎች ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው ለትንንሽ እንስሳት መተንፈሻ አካል ከማይስማማ ዘይት ነው፤ የሰጋቱራው ደቃቅ ብናኝም ለብቻው ጉዳት አለው። ሁሉንም አውጥቼ ጣልኩና ከቅዳሜ ገበያ የጤፍ ጭድ ገዛሁ። ጭዱን በሸራ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን ፀሐይ አሞቅሁት፤ አቧራው እስኪያልቅ አራገፍኩትና ብቻውን ሞላሁት። ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም፤ ነገር ግን ስለሚያንሸራትት ዳማ የቆፈረችው መተላለፊያ ወዲያው እየተናደ ይደፈንባት ነበር። ከዚያ ከአንድ ማተሚያ ቤት ያልታተመበት የወረቀት ጠርዝ ቁርጥራጭ ለምኜ ብቻውን ሞከርኩት፤ እርሱ ደግሞ ቅርፁን ይይዛል፣ ግን ሽንት በነካው ቦታ ይላቁጣል። በመጨረሻ የያዘልኝ ሁለቱን ማፈራረቅ ነው፤ አራት ጣት ያህል ወረቀት፣ በላዩ ሁለት ጣት ያህል ጭድ፣ እንደገና ወረቀት፣ እያንዳንዱን ንብር በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ እየተጫኑ መሙላት። ሰዎች ለግድግዳ ጭቃ ጭድ የሚያቦኩበት ምክንያት ምን እንደሆነ በእጄ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በአንዱ ጫፍ 40፣ በሌላው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንዲያዘቀዝቅ ስላደረግሁት በጠቅላላው 216 ሊትር ያህል ጉዝጓዝ ይዟል።

እናቴ ለጎጆዋ ማለስለሻ ይሆናል ብላ ለፈትል ካዘጋጀችው ባዘቶ ቆርሳ አምጥታልኝ ነበር። ፍቅሯን እያደነቅሁ መለስኩላት፤ የጥጥ ክር እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ፣ ሲዋጥም አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በእርሱ ፋንታ ሽታ የሌለው ሶፍት ተቦጫጭቆ ሲሰጣቸው ራሳቸው እየሸረከቱ መኝታ ያደርጉታል።

ከጎጆዋ ጋር የመጣው መሽከርከሪያ 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ዳማ ስትሮጥበት ጀርባዋ እንደ ቀስት ይጎብጥ ነበር፤ መረማመጃው የሽቦ ዘንግ በመሆኑም እግር ሊሾልክበት ይችላል። ለዚህ ዝርያ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ያልተበሳሳ መረማመጃ ያስፈልጋል። አዲስ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጬ፣ መሐሉን በስቼ ኩሽኔታ ገጠምኩበት፤ ድምፅ የለውም፣ ስፋቱም በቂ ነው። አሸዋም ያስፈልጋቸዋል፤ ፀጉራቸውን የሚያጸዱት በእርሱ ላይ እየተንከባለሉ ነው። የግንባታ አሸዋ ነፍቼ ብናኙን አስወገድኩ፤ አጠብኩትና በአሮጌ ምጣድ ላይ ቆልቼ አደረቅሁት።

መደበቂያ እንዲሆናት ያስገባሁት ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛሁት ትንሽ ማሰሮ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ሸክላው ቀዝቀዝ ስለሚል ዳማ ቀኑን ብዙ ጊዜ እዚያ ታሳልፋለች። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ ማሰሮም ሆነ መሽከርከሪያ፣ ክብደት ያለው ዕቃ ሁሉ በጉዝጓዙ ላይ መቀመጥ የለበትም። እንስሳዋ ከሥሩ ስትቆፍር ተደርምሶ ሊጫናት ይችላል። እኔ እግሮቹ እስከ ቤቱ ወለል የሚደርሱ ትንሽ የእንጨት መደብ ሠርቼ ሁለቱንም በላዩ አስቀምጫለሁ።

ቤቱን መጀመሪያ ሳሎን አኑሬው ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይቆላል፣ በበዓል ዕጣን ይጤሳል፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው፤ ጢስም ጫጫታም ለሃምስተር ስለማይስማሙ ወደ መኝታ ክፍሌ አዛወርኩት። በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሌ ውስጥ ቴርሞሜትሩ 14 ዲግሪ ሲያሳይ ሰጋሁ፤ ለእነርሱ የሚመቻቸው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥልቁ ጉዝጓዝ ሙቀት ስለሚይዝ ተጨማሪ ሶፍት ከመስጠት በቀር ሌላ ነገር አላስፈለገም። የከፋው ክረምቱ ነው። በሐምሌ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የነበረው ጎን የሻገተ ሽታ አመጣ፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ረጥቦ ጠቁሮ ነበር። የተበላሸውን አውጥቼ ቤቱን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አራቅሁት፤ ከሥሩም እግር አስገጥሜ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረግሁት በኋላ አልተመለሰም።

አሁን መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ማታ አራት ሰዓት ገደማ ጫፉን ቀስ ብዬ ገለጥ ሳደርግ ከመሬት በታች ያለው ቤት ይታየኛል። ከሁሉ በታች በሶፍት የተሠራ ክብ መኝታ አለ፤ ከእርሱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የእህል ማስቀመጫዋ ይገኛል፤ ገብሱ በአንድ ወገን፣ ሱፉ በሌላ ወገን ተከምሯል። አንድ የማይዘልቅ አጭር መተላለፊያ ደግሞ ሽንት ቤቷ ነው። ትናንት ማታ ጉንጮቿን በገብስ ሞልታ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ እስኪሰፋ ድረስ አብጣ ወረደች፤ ማስቀመጫው ዘንድ ስትደርስ በሁለት የፊት እጆቿ ጉንጮቿን ከኋላ ወደ ፊት እየገፋች አንድ በአንድ አራገፈችው፤ ከዚያም በአፍንጫዋ ጠቅጠቅ አድርጋ ተመለሰች። ወደዚህ ቤት ከገባች በኋላ ወንፊቱን ስትነክስ አልሰማሁም፤ የአፍንጫዋ ፀጉርም በቅሏል።

ጽዳቱን በተመለከተ ሽንት ቤቷን በየሦስት ቀኑ አወጣለሁ፤ ሙሉ ጉዝጓዙን ግን በአንድ ጊዜ አልቀይርም። የራሷ ሽታ በአንድ ቀን ከጠፋ ቤቷን እንደ ባዕድ ስለምታየው ሲያስፈልግ ሢሶውን ብቻ እለውጣለሁ።

የቡላ ቤት እስካሁን 100 በ50 ሲሆን ጉዝጓዙ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ትቆፍራለች፤ ነገር ግን መተላለፊያዎቿ ወለሉን ነክተው ይቆማሉ፤ እዚያም ጣውላውን ስትጭር እሰማታለሁ። ሃምስተር በአብዛኛው የሚኖረው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ስለሆነ ይህን ማዘግየት አልፈልግም። አዲሱ የጤፍ ጭድ ከአውድማ በሚገባበት በታኅሣሥ ጎኖቹን በ30 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አስረዝማለሁ፤ ጋሼም ጣውላውን ከነመቀነቱ ቆርጠው አስቀምጠውልኛል።